ነጩ ጠርዝ፦ የድሮ ጂፍ ሎጎን ባክግራውንድ ወደሌለው ሙሉ ቀለም ፒኤንጂ መቀየር

ሐዋሳ ውስጥ የቲሸርትና የባነር ሕትመት ከጀመርኩ በኋላ የመጀመሪያውን ትልቅ ኪሳራ ያመጣብኝ ማሽን አልነበረም። መብራት መጥፋትም አልነበረም። ክር የምታክል ነጭ መስመር ነበረች።

ሥራው 40 ጥቁር ቲሸርት ነው። ሎጎው ስክሪኔ ላይ ንጹሕ ሆኖ ታየኝ፤ አተምኩት። ልብሱ ላይ ሲያርፍ ግን በሎጎው ዙሪያና በየፊደሉ ጎን የተሸራረፈ ነጭ ጠርዝ ብቅ አለ። ከወረቀት ላይ በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ነበር የሚመስለው። ደንበኛው አንዱን አንስቶ አየ። ምንም አላለም። አጣጥፎ መልሶ አስቀመጠው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። 40ውንም በራሴ ወጪ ደግሜ ሠራሁ።

ጥፋቱ የኔው ነው። የመጣልኝ ፋይል ጂፍ የሚባለው የድሮ የምስል ፋይል ዓይነት ነበር። የፋይሉን ስም መጨረሻ ፒኤንጂ ወደሚባለው ሌላ የምስል ዓይነት ቀየርኩና «ባክግራውንድ የለውም» ብዬ አረፍኩ። እዚህ የምጽፈው ያኔ ማወቅ የነበረብኝን ነው።

ለምሳሌ የምጠቀመው በቅርቡ የሠራሁትን የአንድ ዓሣ ቤት ሎጎ ነው። ባለቤቷ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ የሚሸጡ እናት ናቸው። ለሠራተኞቻቸው ጥቁር ሰማያዊ ቲሸርት ፈለጉ፣ ሎጎው ደረት ላይ። በፍላሽ ያመጡልኝ ፋይል 240 በ240 ፒክስል የሆነ ጂፍ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ዓሣ፣ ብርቱካናማ ፀሐይ፣ ከሥር ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ማዕበል፣ ከዚያ «አሳ ቤት» የሚል ጽሑፍ። ዓሣው ጥቁር ሰማያዊ፣ ቲሸርቱም ጥቁር ሰማያዊ መሆኑን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ አዎ፣ እኔም ነግሬያቸዋለሁ። ቲሸርቱን ወደ ግራጫ ለማስቀየር ሁለት ስልክ ፈጅቶብኛል።

ችግሩ ከየት ይመጣል

የጥልፍ ንድፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባለካሬ ወረቀት ላይ በየካሬው ቁጥር ይጻፋል። በጎን በኩል ዝርዝር አለ፦ 1 ቀይ ክር፣ 2 አረንጓዴ፣ 3 ወርቃማ። ካሬው ቀለም የለውም፤ የያዘው ቁጥር ብቻ ነው። ኢንዴክስድ የሚባለው ምስልም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ የትኛው ቀለም እንደሆነ የሚናገረው ፓሌት የሚባለው ዝርዝር ነው። ለአንድ ፒክስል የሚሰጠው ቢበዛ 8 ቢት ስለሆነ ዝርዝሩ ከ256 ቀለም አያልፍም።

ሙሉ ቀለም ላይ ዝርዝር የለም። ፒክስሉ የራሱን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መጠን ራሱ ይይዛል። ለእያንዳንዳቸው 8 ቢት፣ በድምሩ 24 ቢት። ይህ 16,777,216 ቀለም ይሰጣል። ከዚያ ሌላ 8 ቢት ሲታከልበት አልፋ ቻናል ይባላል። አልፋ ቀለም አይደለም፤ ፒክስሉ ምን ያህል እንደሚታይ የሚናገር ቁጥር ነው። 0 ከሆነ ጭራሽ አይታይም። 255 ከሆነ ከኋላው ያለውን ምንም አያሳይም። 128 አካባቢ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ያሳያል።

ጂፍ ላይ ይህ መሃከለኛ የለም። ኮምፒውሰርቭ የተባለው ኩባንያ ጂፍን ያወጣው በ1987 ነው፤ ግልጽነት የተጨመረው በ1989 እትሙ ላይ ነው። የተጨመረውም ቀላል ነገር ነው፦ ከፓሌቱ አንዱን ቁጥር መርጦ «ይህ አይታይ» ማለት። ስለዚህ አንድ ፒክስል ወይ አለ፣ ወይ የለም። ፒኤንጂ በ1996 የመጣው በጂፍ መጭመቂያ ስልት ላይ በተነሳ የፓተንት ክርክር ምክንያት ነው። ለኛ የጠቀመን ግን ይዞት የመጣው አልፋ ነው።

አሁን ወደ ነጯ መስመር። ክብ ነገር በትንንሽ ካሬዎች ሲሣል ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ደረጃው ዓይን እንዳይወጋ ሶፍትዌሩ ጠርዙ ላይ ያሉትን ፒክስሎች ከባክግራውንዱ ቀለም ጋር ይቀይጣቸዋል። የዓሣ ቤቱ ሎጎ ሲሠራ ከኋላው ነጭ ነበር። ስለዚህ የዓሣው ጠርዝ ግማሽ ሰማያዊ ግማሽ ነጭ ሆነ። በኋላ ጂፍ ሲደረግ ንጹሑ ነጭ «አይታይ» ተባለ። የተቀየጠው ግን እዚያው ቀረ። ነጭ ገጽ ላይ ስታስቀምጡት አታዩትም። ጠቆር ያለ ነገር ላይ ስታስቀምጡት ይጋለጣል።

ስለዚህ ሞድ መቀየር (ኢንዴክስዱን ሙሉ ቀለም ማድረግ) ብቻውን ነጩን ጠርዝ አያጠፋም። ሞዱን መቀየር አንድ ሴኮንድ ነው። ሰዓቱን የሚበላው ጠርዙ ነው። ይህ መመሪያም አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው እዚያ ነው።

የምጠቀመው ጊምፕ የሚባል የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፤ በነጻ ይወርዳል፣ ላይሰንስ አይጠይቅም። ለፎቶሾፕ ሰዎች ወደ መጨረሻው ጥቂት አለኝ።

1. ፋይሉን ከመንካታችሁ በፊት

በመጀመሪያ ጠይቁ። «ይህን ሎጎ የሠራላችሁ ሰው ዋናው ፋይል አለው?» በሉ። የኢለስትሬተር፣ የኤስቪጂ ወይም የፒዲኤፍ ፋይል ከተገኘ ይህ ሁሉ ጣጣ ቀረላችሁ። እኔ እትዬን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ እሱ ልጅ እኮ ካገር ከወጣ ቆየ» አሉኝ። ብዙ ጊዜ መልሱ እንዲህ ነው። ቢሆንም ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

ቀጥሎ ኮፒ አድርጉ። ዋናውን ለብቻው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡና በኮፒው ሥሩ።

ከዚያ ኮፒውን በጊምፕ ክፈቱና ከላይ የመስኮቱን ርእስ አንብቡ። ከፋይሉ ስም አጠገብ «ኢንዴክስድ ከለር» ካለ፣ ችግሩ ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። «አርጂቢ» ካለ ቀድሞውኑ ሙሉ ቀለም ነው፤ ወደ 3ኛው ደረጃ እለፉ። የፋይሉ ስም መጨረሻ እንዳያታልላችሁ። ፒኤንጂም ኢንዴክስድ ሊሆን ይችላል። በተለይ «ፋይል አሳንሳለሁ» በሚል ድረ ገጽ ያለፈ ፒኤንጂ ብዙ ጊዜ ውስጡ ፓሌት ነው።

ፓሌቱን ማየት ከፈለጋችሁ «ዊንዶውስ»፣ ከዚያ «ዶከብል ዳያሎግስ»፣ ከዚያ «ከለርማፕ» ይላል። በትንንሽ ካሬዎች የተደረደሩት ቀለሞች ምስሉ ያለው ሀብት ሁሉ ናቸው። የዓሣ ቤቱ ሎጎ 32 ቀለም ነበረው። ከነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ነጣ ያሉ ሰማያዊዎች ናቸው። እነዚህ ናቸው ጠርዙ ላይ ተደብቀው የሚያጋልጡን።

2. ሞዱን ቀይሩ፣ ከሁሉም በፊት

«ኢሜጅ»፣ ከዚያ «ሞድ»፣ ከዚያ «አርጂቢ»። በቃ።

ስክሪኑ ላይ ምንም አይለወጥም። ይህ ብዙ ሰው ግራ ያጋባል፤ «ቀየርኩት፣ ግን ያው ነው» ይሉኛል። ትክክል ናቸው። 32 ቀለም የነበረው ምስል አሁንም 32 ቀለም ነው። የተለወጠው ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ነገር አዲስ ቀለም መፍጠር መቻሉ ነው። የጠፋ ቀለም ግን ተመልሶ አይመጣም።

ለምን መጀመሪያ? ኢንዴክስድ ላይ ሆናችሁ ምስሉን ብታሳድጉት ጊምፕ በፒክስሎች መሃል አዲስ ቀለም መፍጠር ስለማይችል ካሬዎቹን ብቻ ያተልቃቸዋል። ብሩሽ ብታነሱና ፓሌቱ ውስጥ የሌለ ቀለም ብትመርጡ፣ የሚቀባው ከፓሌቱ ውስጥ የሚቀርበውን ነው። ብዙ ፊልተርም አይሠራም። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ማናቸውንም ሳትነኩ ሞዱን ቀይሩ።

3. አልፋ መኖሩን አረጋግጡ

ሌየሩ (የምስሉ ንብርብር) ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ። «አድ አልፋ ቻናል» የሚለው የሚነካ ከሆነ ንኩት። ደብዝዞ የማይነካ ከሆነ አልፋ ቀድሞ አለ። ይህን የዘለለ ሰው ነጩን ለማጥፋት «ዲሊት» ሲጫን ነጭ በነጭ ይተካበታል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ተበላሸ ይላል።

4. ባክግራውንዱን ማንሳት

ጂፉ ቀድሞውኑ ግልጽ ባክግራውንድ ካለው፣ ሞዱ ሲቀየር ግልጽነቱ አብሮ ይሻገራል። ባክግራውንዱ ነጭ ከሆነ ግን በ«ፈዚ ሴሌክት» ነጩን ንኩና «ዲሊት» በሉ። አቋራጩ የላቲኑ ዩ ፊደል ነው። ይህ መሣሪያ የሚመርጠው ተያይዞ ያለውን ነጭ ብቻ ነው።

«ሴሌክት ባይ ከለር» የሚባለው ሌላው መሣሪያ በምስሉ ውስጥ ያለውን ነጭ በሙሉ ይለቅማል። ፈጣን ነው፤ ግን የዓሣው ዓይን ነጭ ነው። ዓይኑን ብትበሱት የቲሸርቱ ቀለም በዓይኑ በኩል ይታያል። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፤ የታወረ ዓሣ አትሜያለሁ።

በተቃራኒው ደግሞ መቅረት የሌለበት ነጭ ይቀራል። የአማርኛ ፊደል ቀለበት ይወዳል። የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት፣ የ«ው» ሆድ፣ የ«ዐ» መሃል፣ ሁሉም ከውጭው ነጭ ጋር አይገናኙም። ስለዚህ «ፈዚ ሴሌክት» አይደርስባቸውም። ምስሉን 400 በመቶ አቅርቡና ፊደል በፊደል ሂዱ። «ሺፍት» ይዛችሁ እያንዳንዷን ቀለበት ንኩ፤ በምርጫው ላይ ትጨመራለች።

5. ጠርዙ

ዋናው ሥራ ይኸውና። የምንፈልገው ጠርዙ ላይ ያለውን ቅይጥ መፍታት ነው። «ግማሽ ሰማያዊ ግማሽ ነጭ» የሆነውን ፒክስል «ሙሉ ሰማያዊ፣ ግን ግማሽ የሚታይ» ማድረግ። እንዲያ ከሆነ ነጭ ላይ ሲቀመጥ ነጣ ይላል፣ ግራጫ ላይ ሲቀመጥ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ጊምፕ ለዚህ «ከለር ቱ አልፋ» የሚባል መሣሪያ አለው። አንድ ቀለም ትሰጡታላችሁ፤ እሱ ከእያንዳንዱ ፒክስል ውስጥ ያንን ቀለም ቀንሶ በግልጽነት ይተካዋል።

ችግሩ፣ ምስሉን በሙሉ ብትሰጡት ዓይኑንም ማዕበሉንም ይበላዋል። ስለዚህ የምንሰጠው ጠርዙን ብቻ ነው። እንዲህ፦

ሌየሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «አልፋ ቱ ሴሌክሽን» በሉ። አሁን የተመረጠው ሎጎው ነው። «ሴሌክት»፣ «ኢንቨርት»። አሁን የተመረጠው ከሎጎው ውጭ ያለው ባዶ ነው። «ሴሌክት»፣ «ግሮው»፣ 2 ፒክስል። አሁን ምርጫው ከውጭ ወደ ውስጥ 2 ፒክስል ገብቷል፤ ማለትም የያዘው ባዶውንና ጠርዙን ነው። ሎጎው በጣም ትንሽ ከሆነ 1 ፒክስል ይበቃል። ከዚያ «ከለርስ»፣ «ከለር ቱ አልፋ»። ቀለሙ ነጭ መሆኑን አረጋግጡና «ኦኬ» በሉ።

ከጥቁር ሰማያዊው ዓሣና ከብርቱካናማዋ ፀሐይ ዙሪያ ነጩ ብን ብሎ ጠፋ። ለኔ ዛሬም አስማት ይመስለኛል።

ነጣ ያለ ጭረት እዚህም እዚያም ከቀረ፣ አንድ እርምጃ መልሱና ያንኑ መስኮት ክፈቱ። «ትራንስፓረንሲ ትሬሾልድ» የሚለውን ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ወደ ነጭ የሚጠጉትንም ይጠርጋል። ብዙ አትሂዱ።

ማዕበሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ብዙ መመሪያ ስለማይናገረው እዚህ ላይ ቆም ልበል። «ከለር ቱ አልፋ» ነጭን ሲቀንስ የሚያየው ከሦስቱ ቀለማት ዝቅተኛውን ነው። ጥቁር ሰማያዊ ውስጥ ቀዩ 0 ነው፤ ብርቱካናማ ውስጥ ሰማያዊው 0 ነው። አንዱ 0 የሆነ ቀለም ሙሉ በሙሉ ይተርፋል። የማዕበሉ ፈዛዛ ሰማያዊ ግን ቀይ 200፣ አረንጓዴ 220፣ ሰማያዊ 255 ነው። ዝቅተኛው 200 ነው። መሣሪያው ይህን ቀለም «አብዛኛው ነጭ ነው» ብሎ ስለሚያስብ ከ22 በመቶ በላይ አያስቀርለትም። ማዕበሉ ጠርዙ ላይ እንደ ጭስ ይሳሳል።

ስለዚህ ፈዘዝ ላሉ ቀለማት ይህን ዘዴ አትጠቀሙ። «ኢንቨርት» እና «ግሮው» ካደረጋችሁ በኋላ፣ ማዕበሉን በ«ሬክታንግል ሴሌክት» ከምርጫው ቀንሱት፤ «ኮንትሮል» ይዞ መጎተት ይቀንሳል። ማዕበሉን ለብቻው በሌላ መንገድ ሥሩት፦ ከሌየሮቹ ዝርዝር በላይ ያለውን «ሎክ አልፋ ቻናል» ንኩ። ይህ ሲበራ ብሩሽ የሚቀባው የሚታየው ፒክስል ላይ ብቻ ነው፤ ባዶው አይነካም። ከማዕበሉ መሃል በ«ከለር ፒከር» ቀለም ውሰዱና ጠርዙን ዙሪያውን ቀቡት። ነጩ በማዕበሉ ቀለም ይሸፈናል። ጠርዙ ትንሽ ይሻክራል፤ ቢሆንም ነጭ አይደለም።

ሎጎው ባለ አንድ ቀለም ከሆነ ደግሞ ሕይወት ቀላል ነው። «ከለር ቱ አልፋ» አድርጉ፣ አልፋውን ቆልፉ፣ ጠቅላላውን በዚያው ቀለም ሙሉት። በ2 ደቂቃ ያልቃል።

6. ሠርገኛ ጤፍ

ማዕበሉን 800 በመቶ ሳቀርበው ነጠብጣብ ሆኖ አገኘሁት። ዲተሪንግ ይባላል። ፓሌቱ ውስጥ መሃከለኛው ቀለም ሳይኖር ሲቀር፣ ሶፍትዌሩ ሁለት ያሉ ቀለሞችን በነጠብጣብ አደባልቆ መሃከለኛ ያስመስላል። ነጭና ቀይ ጤፍ ተደባልቆ ከሩቅ አንድ ቀለም እንደሚመስለው ነው። ሠርገኛ ጤፍን ለቅሞ መለየት እንደማይቻለው ሁሉ ዲተሪንግም አይፈታም። ማለስለስ ግን ይቻላል፤ አርጂቢ ላይ ስለሆንን አሁን መሃከለኛው ቀለም አለን።

ጭፍን ብለር አታድርጉበት፤ ጠርዙንም ያደበዝዛል። «ፊልተርስ»፣ «ብለር»፣ «ሴሌክቲቭ ጋውሲያን ብለር» የሚለውን ተጠቀሙ። እሱ የሚቀራረቡ ቀለሞችን ብቻ ያዋህዳል፤ ልዩነቱ ሰፊ የሆነበትን መስመር ይተወዋል። ቦታው አንድ ወጥ ቀለም መሆን ካለበት ደግሞ ምንም ፊልተር አትፈልጉ፤ መርጣችሁ ሙሉት። በጂፍ የመጣ ፎቶ ከሆነ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

7. መጠንና ፊደል

ለጥሩ ሕትመት የምንሠራው በኢንች 300 ፒክስል ነው። 240 ፒክስል በዚህ ሂሳብ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እትዬ የፈለጉት ደረት ላይ 8 ሴንቲ ሜትር፤ ይህ 945 ፒክስል ነው። ከአራት እጥፍ ትንሽ ያነሰ። ለቲሸርቱ ፊት 25 ሴንቲ ሜትር ቢሉኝ ኖሮ ወደ 2,950 ፒክስል ያስፈልገኝ ነበር። ያን ጊዜ ማሳደጉን ትቼ እንደገና እሥለዋለሁ።

«ኢሜጅ»፣ «ስኬል ኢሜጅ»፣ ቁጥሩን አስገቡ፣ ኢንተርፖሌሽኑን «ኩቢክ» አድርጉ። ዓሣውና ፀሐይዋ እንደምንም ተሻገሩ። ቢደበዝዙባችሁ ወደ ኢንክስኬፕ ወስዳችሁ «ትሬስ ቢትማፕ» በሚለው ወደ ቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመር ወደተሣለ ምስል) መቀየር ይቻላል። ለጥቂት ወጥ ቀለሞች አሪፍ ነው። እሱም በነጻ ነው።

ፊደሉን ግን አታሳድጉ። ከ240 ፒክስል ውስጥ የወጣ የአማርኛ ፊደል እግሩና ቀለበቱ ተጣብቆ ነው የሚያድገው። ደምስሱትና በፎንት እንደገና ጻፉት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ አቢሲኒካ ወይም ናይላ፣ ለዋናው የሚቀርበውን ምረጡ።

እኔ እዚህ ላይ ሊቅ ልሁን ብዬ «ዓሣ ቤት» ብዬ ጻፍኩት። ሳሳያቸው እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ የኔ ቤት አይደለም» አሉኝ። ንግድ ፈቃዱም ታፔላውም «አሳ ቤት» ነው የሚለው። መለስኩት። የሰውን ሎጎ ፊደል አታርሙ።

8. ጠቆር ያለ ላይ ፈትኑት

ከሎጎው ሥር አዲስ ሌየር ጨምሩና በልብሱ ቀለም ሙሉት። ከዚያ በጥቁር፣ ከዚያ በደማቅ ቀይ። እያንዳንዱ ቀለም የተለየ ጥፋት ያጋልጣል፦ ጥቁሩ ነጭ ጠርዝን፣ ቀዩ ደግሞ መጥፋት ሲኖርበት የቀረን ፈዛዛ ፒክስል። 200 በመቶ አቅርባችሁ ዙሩት። የጊምፕ የራሱ ባለ ካሬ ግራጫ ባክግራውንድ ለዚህ አይበቃም፤ ነጩን ጠርዝ ይደብቃል። 40 ቲሸርት ያስከፈለኝ ይህን 1 ደቂቃ መዝለሌ ነው።

ስትጨርሱ የሙከራውን ሌየር አጥፉት። ረስቼው ከነቀዩ ያስቀመጥኩበት ቀን አለ።

9. ማስቀመጥ፣ ሁለት ጊዜ

መጀመሪያ በጊምፕ በራሱ ፎርማት «ሴቭ» አድርጉ፤ ሌየሮቹ ይቀመጣሉ። ከዚያ «ፋይል»፣ «ኤክስፖርት አዝ»፣ ፒኤንጂ። በሚመጣው መስኮት «ሴቭ ባክግራውንድ ከለር» እና «ኢንተርሌሲንግ» አያስፈልጉም። «ፒክስል ፎርማት» የሚለው ላይ 8 ቢት አርጂቢኤ ምረጡ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤ» አልፋ ናት፤ እሷ ከሌለች ልፋቱ ሁሉ ነጭ ባክግራውንድ ላይ ያርፋል።

ጄፔግ ፈጽሞ አትምረጡ። ግልጽነት የሚባል ነገር አያውቅም። ዌብፒ ያውቃል፤ ለድረ ገጽ ጥሩ ነው፣ ለማተሚያ ቤት ግን ፒኤንጂ ይሻላል።

ሁለት ፋይል የማወጣው ለዚህ ነው፦ አንዱ ለስክሪን፣ አንዱ ለዲቲኤፍ ሕትመት (መጀመሪያ ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት ልብስ ላይ ለሚጣበቀው)። ለስክሪን የሚሆነው ለስላሳ ጠርዙን ይዞ ይሄዳል። ዲቲኤፍ ግን ከቀለሙ ሥር ነጭ ቀለም ያትማል። ግማሽ የሚታይ ፒክስል ሲያጋጥመው ነጩ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፤ ሙጫውም በደንብ አይዝም። ስለዚህ በመጨረሻው መጠን ላይ «ሌየር»፣ «ትራንስፓረንሲ»፣ «ትሬሾልድ አልፋ» አድርጉ፣ እሴቱ ግማሽ ላይ። ጠርዙ ደረቅ ይሆናል። በ300 ፒክስል ዓይን አያየውም።

ለስላሳ ለማድረግ ያን ያህል ለፍተን መልሰን ማድረቃችን ያስቃል። ግን ጠርዙ አሁን የሚደርቀው በራሱ ቀለም ነው፤ ነጩ ወጥቶለታል።

ፎቶሾፕ ላላችሁ

የፋይሉ ስም ያለበት ታብ ላይ «ኢንዴክስ» ካለ፣ «ኢሜጅ»፣ «ሞድ»፣ «አርጂቢ ከለር»። የተቆለፈውን ሌየር ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ክፈቱት። ባክግራውንዱን አንሱ። ለነጩ ጠርዝ «ሌየር»፣ «ማቲንግ»፣ «ሪሙቭ ዋይት ማት» አለ። ካልበቃ «ዲፍሪንጅ»፣ 1 ፒክስል። «ኤክስፖርት አዝ» ስትሉ «ትራንስፓረንሲ» ይመረጥ፤ «ስሞለር ፋይል፣ 8 ቢት» የሚለው ግን አይመረጥ። እሱ ወደ ፓሌት ይመልሳችኋል፤ በአንድ ክሊክ ወደ ጀመርንበት።

ጥቂት የቀሩ

የሚንቀሳቀስ ጂፍ ከሆነ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ሌየር ሆኖ ይከፈታል። ብዙዎቹ ፍሬሞች የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ ነው የሚይዙት። ስለዚህ አንዱን ፍሬም ከማውጣታችሁ በፊት «ፊልተርስ»፣ «አኒሜሽን»፣ «አንኦፕቲማይዝ» አድርጉ፤ ሁሉም ሙሉ ይሆናሉ። ተራ ፒኤንጂ እንቅስቃሴ አይዝም።

መቶ ፋይል ካላችሁ አንድ በአንድ አትክፈቱ። ኢሜጅማጂክ የሚባለው የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ ይቀይራቸዋል። በላቲን ፊደል፣ ከሚወጣው ፋይል ስም በፊት ፒኤንጂ32 ብላችሁ ሁለት ነጥብ አድርጉ። 32ቷ ሙሉ ቀለም ከአልፋ ጋር ማለት ናት፤ ያለ እሷ ፕሮግራሙ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ወደ ፓሌት ሊመልሰው ይችላል። ጠርዙን ግን አያስተካክልላችሁም።

ሁሉንም ነገር መቀየርም አያስፈልግም። 512 በ512 የሆነ ኢንዴክስድ ምስል ሳይጨመቅ 262,144 ባይት ነው፤ ሙሉ ቀለም ከአልፋ ጋር ሲሆን 1,048,576። አራት እጥፍ ነው። ነጭ ገጽ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ባለ ስምንት ቀለም ምልክት ከሆነ፣ ተዉት፣ ደህና ነው።

መላክ

ሥራው ሁሉ ቴሌግራም ላይ ሊበላሽ ይችላል። ፒኤንጂውን እንደ ፎቶ ከላካችሁት ወደ ጄፔግ ይቀየራል፤ ግልጽነቱ በቀለም ይሞላል፣ መጠኑም ሊቀንስ ይችላል። «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩት። ለተቀባዩም ይህንኑ ንገሩት፦ ስታስተላልፈው እንደ ፋይል። ለቴሌግራም ስቲከር ከሆነ አንዱ ጎን በትክክል 512 ፒክስል ይሁን።

ለእትዬ ሁለቱንም ፋይል በቴሌግራም ልኬላቸዋለሁ፣ እንደ ፋይል። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ 10 ቲሸርት ፈልገው ሎጎውን ላኩልኝ። ከፍተው በስልካቸው ስክሪን ሾት አንስተውት ነው። ባክግራውንዱ ነጭ፣ ከላይ የባትሪው ምልክት፣ ከሥር የሰዓቱ ቁጥር።

«ደርሶኛል እትዬ» አልኳቸውና የራሴን ፎልደር ከፈትኩ።